እንዳይቆሽሽ የተቀመጠው የወፍ መጽሐፍ

ለልጁ የተላከን ስጦታ ከልጁ የሚደብቅ አባት ገጥሟችሁ ያውቃል? ከክፋት እንዳይመስላችሁ። ፍኖተ ሰላም ጎረቤቴ የነበሩት ጋሽ እንግዳ ደግ ሰው ነበሩ። ለአንድ ልጃቸው ለአለምነህ አጎቱ ከአዲስ አበባ የወፎች ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ቢልክለት፣ በጋዜጣ ለብደው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። «ሲያድግ እሰጠዋለሁ» አሉ።

እስከዚያው እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ልጁ እጁን ታጥቦ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ቅጠሉን የሚገልጡለት እሳቸው ናቸው። ታቦት ሲወጣ እንኳ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አላየሁም። አንድ እሑድ እኔም ተቀምጬ ሳለ ልጁ፣ «አባባ፣ ይቺ እኮ ዋኔ ናት። ደጅ ዋንዛው ላይ እየጮኸች ነው፣ ስሟት» አለ።

«ትንፋሽህን ያዝ፣ ወረቀቱን ታረጥበዋለህ» አሉና፣ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጉት።

አለምነህ አደገ። ያን ጊዜ ያደገ ልጅ የማን እንደነበር አትጠይቁኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት እናቱ እያለቀሱ፣ «መጽሐፉን ስጡት እንጂ» ቢሏቸው፣ «መንገድ ላይ ይቆሽሻል፤ ሲመለስ» አሉ።

አብረውት ከሄዱት የተረፉት ተመልሰዋል። የአለምነህ ግን ወሬውም የለ።

በቀደም ልጠይቃቸው ሄድሁ። መስኮቱ እንደተዘጋ ነው። መጽሐፉን ከሳጥኑ አውጥተው፣ እጄን አስታጥበው፣ ቅጠል በቅጠል ገለጡልኝ።

«ይኸው፣ አንድም አልታጠፈበት» አሉኝ።

ትንፋሼን ያዝሁ።