ምሬት ከአሥር ዘጠኝ

ዓለም ብዙ ጠቢብ አይታለች። እሳት ያነደደ አለ፣ ጎማ ያንከባለለ አለ፣ ፊደል የቀረጸም አለ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሠላሳ ሁለት ጎልማሳ እንደ ፌንጣ ያዘለለ ጠቢብ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነው። ዕድሜ ይስጠውና ሦስት ቀን ሥልጠና ገብቶ፣ በአራተኛው ቀን ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተመለሰ። ሠራተኛውን በሙሉ ወደ ግቢው አስወጥቶ እንዲህ ሲል ተናገረ፦

"ክቡራንና ክቡራት! ሳይንስ የት ደርሷል፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ በእግራችን እንሄዳለን! ከነገ ጀምሮ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ሃያ ሴኮንድ በሙሉ ኃይል ዝላይ፣ አሥር ሴኮንድ እረፍት፣ ይህ ስምንት ጊዜ ተደጋግሞ በአራት ደቂቃ ይጠናቀቃል። የሰነፍ ሰው የአርባ ደቂቃ እርምጃ በአራት ደቂቃ ተተክቷል። ስሙም የአጭርና ብርቱ እንቅስቃሴ መርሐ ግብር ነው።"

"ካልወደድነውስ?" አለች ጸሐፊዋ ከኋላ። አፏ መቀርቀሪያ የለውም።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ፊቱ በራ። "መጥላት የመርሐ ግብሩ መሠረት ነው! መድኃኒት የሚፈውሰው ሲመር ነው። የሚወደድ ስፖርት ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ለሕፃን ነው።"

ተጨበጨበ። ማጨብጨብ ስፖርት ቢሆን ኖሮ ያ መሥሪያ ቤት አንድም በሽተኛ ባልኖረው።

ከሚያጨበጭቡት አንዱ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነበር። አባ ፋይል ነው የሚሉት። ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ እጁ የነካው ወረቀት ግን የማይጠፋበት ሰው ነው። ከሳምንት በፊት አንዲት ሐኪም ስኳሩን ለክታ፣ "ድንበሩ ላይ ቆመዋል። በየቀኑ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ። ከሦስት ወር በኋላ ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን" ብላዋለች። አባ ፋይል ደግሞ ሚስቱ ልብስ ሰፊ ሆና ሳለ፣ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ጀግና ነው።

ይህ ሰው የሚወደው ነገር ነበረው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከቢሮ ይወጣል፣ ሚስቱን ከሱቋ ይወስዳል፣ ከዚያ እስከ ቤታቸው ድረስ አርባ ደቂቃ በእግራቸው ይሄዳሉ። መንገዱን ሙሉ ሰው ያማሉ። እንጨት ቤቱን ሲያልፉ የአናጢውን ሁለተኛ ጋብቻ፣ ድልድዩን ሲሻገሩ የእህቷን ባል፣ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ማንንም አያሙም፣ ቁልቁለቱ ላይ እንደገና የእህቷን ባል። ሐኪሟ ተንቀሳቀስ ስትለው የልቡን ነበር ያዘዘችለት።

ችግሩ አባ ፋይል የተማረ ሰው መሆኑ ነው። ያልተማረ ሰው እግሩ ሲነግረው ይሰማል፤ የተማረ ሰው ወረቀት እስኪነግረው ይጠብቃል።

ያን ዕለት ማታውኑ ሚስቱን ከሱቋ ሲወስዳት፣ "ነይ፣ ታክሲ እንያዝ" አላት።

"ምነው፣ አመመህ እንዴ?"

"ደህና ነኝ። ከነገ ጀምሮ አራት ደቂቃ እዘላለሁ። ከአርባ ደቂቃ እርምጃ ይበልጣል ተብሏል።"

"መዝለል ትወዳለህ?"

"ኧረ ገና ሳስበው ያቅለሸልሸኛል!"

"ታዲያ የማትወደውን እስከ መቼ ልትዘል ነው?"

"እስኪሠራልኝ ነዋ። የሚሠራው እኮ ስለሚያስጠላ ነው።"

ሚስቱ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። "በዚህ ሒሳብ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መድኃኒቴ ነበርክ ማለት ነው" አለችና ታክሲ ውስጥ ገባች።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ፊሽካው ተነፋ። ባለጉዳይ መስኮት ላይ ተደርድሮ ቆሞ ሳለ፣ ጉዳይ ፈጻሚው ሁሉ ግቢ ወጥቶ ይዘል ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ከጥላው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ይይዛል፤ አመራር መስጠት ከመዝለል የበለጠ ጉልበት እንደሚጨርስ አስቀድሞ አስረድቷል። አንዱ ቁልፉ ተበጥሶ ተፈናጠረ፣ ሌላው መነጽሩን ረገጠ። አባ ፋይል በሦስተኛው ዙር በጠራራ ፀሐይ ኮከብ ቆጠረ። በአምስተኛው ዙር ሆዱ ወደ ላይ ሲወጣ እሱ ወደ ታች እየወረደ፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ተላለፉ። ስምንተኛው ሲያልቅ አጥሩን ተደግፎ፣ የወለደችውን እናቱን ሳይቀር ወቀሰ።

ከዚያ ወረቀቱ ዞረ። ሦስት ዓምድ አለው፤ ስም፣ ፊርማ፣ የምሬት መጠን ከአሥር። አባ ፋይል ዘጠኝ ጻፈ። አሥሩን ያላስገባው ለሚመጣው ቀን ቦታ ለመተው ነው።

ሁሉም ስምንትና ዘጠኝ ሲል ጥበቃው ብቻ ሦስት ብሎ ጻፈ። ወዲያው ቢሮ ተጠራ።

"ሦስት ምን ማለት ነው?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ጌታዬ፣ ደስ ይላል። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ስቆም እግሬ ይደነዝዛል፤ ስዘል ይፍታታልኛል።"

"ደስ ይላል? በሥራ ሰዓት?"

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም።"

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ከዚያ ወዲያ ጥበቃው ፊቱን እንደ ጨርቅ ጨምድዶ ይዘልና ስምንት ይሞላል። ግልባጩ በግል ማኅደሩ ውስጥ "መሻሻል አሳይቷል" ተብሎ ተቀመጠ።

በሁለተኛው ሳምንት አባ ፋይል ጥርሱን አመመው። በማግስቱ አስቸኳይ ማኅደር ሲፈልግ ፊሽካው አመለጠው። በሦስተኛው ቀን መደርደሪያ ኋላ ሊደበቅ ቢሄድ ቦታ አጣ፤ ሦስት ሰዎች ቀድመውት ተደብቀዋል፣ አንደኛው እንዲያውም ወንበር ይዞ ነው የገባው። ወር ሳይሞላ ግቢው ባዶ ቀረ። ሥራ አስኪያጁም ፀሐዩ ስለከበደው ፊሽካውን ከቢሮው ሆኖ፣ ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ፣ በአንድ ጆሮው ስልክ እያነጋገረ መንፋት ጀመረ። ጸሐፊዋ ወረቀቷን ይዛ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ትዞራለች።

"ፈርሙ! ምሬታችሁንም ሙሉ! ትናንት ሰባት የጻፋችሁ እንዳትደግሙት፣ አጠራጣሪ ነው ተብሏል።"

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል የቀድሞ ሰዎች። እነሱ ግን ለቀማ ብቻ መስሏቸው ነበር፤ ኩበቱን ቆጥሮ፣ ማኅተም መትቶ፣ በሦስት ግልባጭ ማስቀመጥ እንደሚቻል አላወቁም።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው፣ አባ ፋይል መዝለሉን ከተወ ወደ እርምጃው ተመለሰ ብሎ ያስባል። አልተመለሰም። ለምን ይመለሳል? ፈርሟላ! ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የኖረ ሰው፣ የተፈረመ ነገር አልተደረገም ቢሉት አያምንም። ዘልያለሁ ብሎ ፈርሟል፣ ፊርማው ተመዝግቧል፣ ስለዚህ ዘሏል። ማታ ማታ እንደ ደከመው ሰው ወገቡን እየያዘ ታክሲ ይሳፈራል። ሚስቱ በሳምንቱ ታክሲውን ትታ ብቻዋን በእግሯ መሄድ ጀመረች። እሱ ከሷ ቀድሞ ቤት ይደርስና ሶፋው ላይ ተዘርሮ ይጠብቃታል።

በሁለተኛው ወር ሱሪው አልዘጋ አለው። ሚስቱ ሜትሯን ወገቡ ላይ ዞር አድርጋ፣ "ሳይንሱ ሦስት ጣት አድጓል" አለችና አሰፋችለት። በሦስተኛው ወር ደግሞ የሚሰፋ ጨርቅ አልተረፈም።

የሐኪሟ ቀን ደረሰ። አባ ፋይል አዲስ ክላሰር ገዝቶ፣ የስልሳ አምስት ቀን ፊርማ በቀን ቅደም ተከተል አሲዞ፣ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ሐኪሟ ደሙን ወስዳ ለካች፣ ግንባሯን ቋጠረች።

"ጨምሯል። ምን ሲሠሩ ከረሙ?"

"ዝላይ!" አለና ክላሰሩን ዘረጋላት።

አንዱን ገጽ ገለጠች፣ ሌላውን ገለጠች። "ይሄ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ የሚለው ምንድን ነው?"

"ምሬቴ ነው።"

"ይሄስ ማኅተም?"

"የመሥሪያ ቤቱ ነው። በየገጹ አለ።"

"አየሁት። አሁን ወረቀቱን እንተወው። በእግርዎ ስንት ቀን ዘለሉ?"

አባ ፋይል በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ብዙ አልሄደም። "አራት" አለ። ቀጥሎም ሕሊናው ቆንጠጥ አደረገው መሰለኝ፣ "አራተኛውን እንኳ ግማሹን ነው" አለ።

"ስሙኝ፣ ዝላይ ራሱ ጥፋት የለበትም። የሚወደው ሰው ይዝለል፣ ይጠቅመዋል። የማይሠሩት ስፖርት ግን የቱንም ያህል የተራቀቀ ቢሆን ሱሪ ማጥበብ እንጂ ስኳር ማውረድ አይችልም። ለመሆኑ እርስዎ ምን ይወዳሉ?"

"መሄድ። ከሚስቴ ጋር።"

"ታዲያ ለምን ተዉት?"

"በጣም ስለምወደው... ስፖርት አልመሰለኝም።"

ሐኪሟ ክላሰሩን ዘጋችና መለሰችለት። "ይህ ክላሰር ፍጹም ጤነኛ ነው፤ መርፌ አያስፈልገውም። ለእርስዎ ግን አንድ ወር ብቻ እሰጥዎታለሁ።"

አባ ፋይል በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፈረ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ዝላይ እንደማይወድ፣ ከእንግዲህ እንደማይዘልም እንደማይፈርምም፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በእግሩ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ የምትል።

ሥራ አስኪያጁ አነበበ። መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ቀጥሎ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። በዚያ መሥሪያ ቤት ታሪክ ያ ብቸኛው የታየ ዝላዩ ነው።

"ድንቅ ነው! እርምጃ! እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብነውም? ይህ ሐሳብ በግለሰብ እጅ መቅረት የለበትም። የእርምጃ መርሐ ግብር እናቋቁማለን። ለዚህም ኮሚቴ ያስፈልጋል። ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት!"

"እኔ እንኳን... እንዲሁ ዝም ብዬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር።"

"ዝም ብሎ መሄድማ እንስሳም ይሄዳል!"

"ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?"

"የሥራ ሰዓት እንዳይነካ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።"

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። አባ ፋይልን በወንበር ጣሉት፤ የሰብሳቢ ወንበር ስለሆነ ይሽከረከራል።

ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው። በየቀኑ ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት እርምጃ የሚጀምረው በቀኝ ነው በግራ በሚለው ላይ ዋሉ። አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን፣ መንገድ ላይ ሰው ለመሳም የቆመ ሰው እየሄደ ነው ወይስ አይደለም በሚል አለቁ። አንዱ አባል ቆሞ መሳም ይቆጠር ሲል፣ ሌላው ሦስቴ ከተሳሳሙ ብቻ አለ፤ ድምፅ ተሰጥቶበት፣ አንዱ ድምፀ ተአቅቦ አድርጎ እኩል ለእኩል ወጣ። በመሃል ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይና ክሬም ያለው ብስኩት ይቀርባል። ሰብሳቢ ካልጠጣ ሌላው አይጠጣምና አባ ፋይል ለጨዋነት ሲል ቀድሞ ይጠጣል።

እንዲህ እያለ ከተሰጠው ወር አሥር ቀን ተበላ። በአሥረኛው ቀን ለመርሐ ግብሩ የሚስማማውን ጫማ የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም ተብሎ ክርክር ሲጦፍ፣ መስኮቱ ተንኳኳ። ሚስቱ ናት። ሱቋን ዘግታ፣ ከቤቷ ተቃራኒ ያለውን መንገድ ሁሉ በእግሯ መጥታ፣ ደጅ ቆማለች።

"ሰውዬ! ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?"

"ስብሰባ ላይ ነኝ" አለ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ።

"ስለ ምንድን ነው?"

አባ ፋይል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስለ መሄድ።"

"ወዴት ነው የምትሄዱት?"

"እሱ ገና አልተወሰነም።"

ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ትታ አፏን በመዳፏ ከደነች። ሚስቱ ክርኗን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ሰባቱንም አንድ በአንድ ካየች በኋላ ለባሏ እንዲህ አለችው፦

"አይዞህ፣ ይወሰናል። እስከዚያ ስኳሩ ይጨርስህና አንተ ትተኛለህ፣ እነዚህ ደግሞ አራት አራት እየሆኑ ተሸክመውህ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ መርሐ ግብሩ ተጀመረ ማለት ነው።"

አባ ፋይል ሻዩን አየ። ብስኩቱን አየ። ሊሸከሙት የሚችሉትንም አባላት በዓይኑ መዘናቸው፤ አንዱም ዳገቱን የሚያወጣው አይመስልም። ተነሣ።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ ወዴት?" አለ የጫማው ተከራካሪ።

"ወደ ቤቴ።"

"በምን?"

"በእግሬ ነዋ፣ በምን ልሂድ!"

"በቀኝ ወይስ በግራ እንደሚጀመር ገና እኮ አልጸደቀም!"

አባ ፋይል በየትኛው እንደጀመረ ማንም ልብ አላለም፤ ብቻ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሱን ቢሮ ውስጥ ያገኘው ሰው የለም። ወሩ ሲሞላ ሐኪሟ ለካችው። "ዝቅ ማለት ጀምሯል። መርፌው ይቆይ፣ እርስዎ ይሂዱ" አለችው።

መሥሪያ ቤቱ ግን ሕግ ያለው ቤት ነው፤ ነገሩን በዝምታ አላለፈውም። የዚያን ምሽት ቃለ ጉባኤ ዛሬም መዝገብ ቤት ተቀምጧል። እንዲህ ይላል፦

"ሰብሳቢው በስብሰባ ሰዓት፣ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ፣ ትርጉሙ ገና ባልጸደቀ እርምጃ ከአዳራሹ ተነሥተው እስከ ቤታቸው በእግራቸው በመሄዳቸው፣ የእርምጃ ኮሚቴው ድርጊቱን በሙሉ ድምፅ አውግዞ ከሰብሳቢነት አንሥቷቸዋል። ከማናቸውም የእርምጃ ጉዳይም አግዷቸዋል። ውሳኔው ያኔውኑ እንዲደርሳቸው ሁለት አባላት ተወክለው የወጡ ቢሆንም፣ ሰውዬው ገና ማዶ እየታዩ ሳሉ አባላቱ ከግቢው በር ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ተመልሰዋል።"