«ሽሹ» ያሉን ዕለት

ሰው ከሞት መሸሽ እንዳለበት ማን ያጣዋል? ችግሩ «ሽሽ» ባዩ ማን ነው የሚለው ነው። እኛ ጎጃሞች ደግሞ እዚህ ላይ ትንሽ እናበዛዋለን።

በጣልያን ጊዜ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ። ወድጄ እንዳይመስላችሁ! ጣልያኑ ካቧችን ድማሚቱን ይለኩስና በገዛ ቋንቋው አንድ ነገር ጮሆ ይፈረጥጣል። እኛ «ምን አለ?» ስንባባል መልሱ ድንጋይ ሆኖ ከሰማይ ይወርዳል። አንድ ቀን መልሱ የሥራ ጓደኛችንን አያ ተሻለን ትከሻው ላይ አገኘው። አያ ተሻለ ቅኔ ቤት የከረመ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ስሙ ተሻለ ይባል እንጂ ትከሻው አልተሻለውም። ተናደድን፤ ፈራንም። ነገ የማናችን ጭንቅላት ይሆን? በምንሰማው ቋንቋ ካልተነገረን አንሠራም ብለን ድንጋይ የምንፈነቅልበትን ዲጂኗችንን ጥለን ቁጭ አልን።

አልፎ አልፎ ብቅ የሚል አስተርጓሚ ነበርና ያልነውን ነገረው፤ ካቦው ለፍልፎ ሲደክመው እሺ አለ። በማግስቱ ለኮሰና ጥርት ባለ አማርኛ «ሽሹ!» አለን። ማን ንቅንቅ ይበል! ጣልያን ሽሹ ብሎት የሸሸ ሰው ሚስቱን በየትኛው ዓይኑ ያያታል? ድንጋዩ በጆሯችን ሥር እያፏጨ አለፈ። ክብራችን ተረፈ፤ ጭንቅላታችን መትረፉን ግን እየዳሰስን አረጋገጥን።

መላ ያመጣው አያ ተሻለ ነው። አስተርጓሚውን ጠርቶ፣ «‹ያዘው!› እያለ ይሩጥ። እኛ እናሳድደዋለን። ሸሸ የሚባለው እሱ፣ እኛማ አሳዳጆች!» አለው። ትርጉሙን ለካቦው እንዴት እንዳስረዳው እግዜር ይወቅ፤ ካቦው ግን ቃሉን ወደደው። ከዚያ ወዲያ ለኩሶ «ያዘው! ያዘው!» እያለ ይሮጣል፤ እኛም ዲጂኗችንን ይዘን፣ እየፎከርን ከኋላው። ድንጋዩ ባዶ ሜዳ ላይ ይወርዳል። እንዲህ የሚያስደስት ሥራ ከዚያ በኋላም አልገጠመኝ።

አንድ ቀን ታዲያ የካቦው አለቃ ሊጎበኘን መጣ። ከመኪናው ሲወርድ ያየው ካቦውን ከፊት፣ እኛን በዲጂኖ ከኋላ ነው። «ያዘው» የሚለውን ቃል አርበኞች ቀደም ብለው ሳያስተምሩት አልቀሩም፤ ዘወር አለና እግሬ አውጪኝ! ሽጉጡን መኪናው ውስጥ መርሳቱ የእኛ ዕድል ነው። ምን እናድርግ? ድማሚቱ ተለኩሷል። እሱንም ጨምረን አሳደድነው።

አለቃው አመፅ መስሎት ሊያስረሽነን ሲል፣ ካቦው ምሎ ተገዝቶ አዳነን። በማግስቱ አስተርጓሚው አዲስ ትእዛዝ ነገረን፦ ሠራተኛው በሙሉ አስቀድሞ ከጉብታው ማዶ ርቆ ሳይቀመጥ ድማሚት እንዳይለኮስ፣ ለደኅንነት ሲባል።

የማን ደኅንነት እንደሆነ አልተነገረንም፤ እኛም ለመጠየቅ አልቸኮልንም።