የሊቀ ውበት ባዶ ብርጭቆ

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ጨው አቀብለኝ ሲሉት መጀመሪያ ጨው ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ። እኛ ቤት ይህን ወንበር የያዘው የባለቤቴ ወንድም ነው። ሥራው የባዮሎጂ መምህርነት፣ ማዕረጉ ግን «ሊቀ ውበት» ነው። ማዕረጉን ለቀልድ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ሳያቅማማ ተቀብሏል።

ሊቀ ውበት አዳራሽ ባገኘ ቁጥር ውበት ከዝግመተ ለውጥ እንዴት እንደመጣ ይናገራል። ንግግሩን በቃሌ ስለማውቀው ዘዴዎቹን ላውጣበት። ሲጀምር «ቆንጆ ነገር አይቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ!» ይላል። ማን ያወጣል? «አያችሁ! ተስማማን» ብሎ፣ ገና ምንም ሳይናገር ግማሹን መንገድ ይጨርሳል። እኔ ሁልጊዜ እልህ እየያዘኝ እጄን ይበላኛል። ቀጥሎ «እናንተ አስተዋይ ሰዎች ናችሁና...» ይላል፤ እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሚቃወመው ካለ አስተዋይ አይደለም። ከዚያ የጣዎሱ ታሪክ አለ፤ ወንዱ ላባውን ዘርግቶ ሴቷን ሲለማመጣት በዓይኑ አይቷል፤ አንዳንዴ በልጅነቱ፣ አንዳንዴ አምና። ዋናው ነጥብ ላይ ሲደርስ ደግሞ ብርጭቆ አንስቶ ይጠጣል። ብርጭቆው ባዶ ነው። ሰው ትንፋሹን ውጦ እንዲጠብቅ እንጂ ጠምቶትስ አይደለም።

ዋናው ነጥብ መሃል ለመሃል በመስመር የተከፈለ የፊት ፎቶ ነው። «ግራው እንደ ቀኙ የሆነ ፊት የጤና ምልክት ነው፤ ዓይናችን ሚሊዮን ዓመት የተማረው ይህንን ነው!»

ባለፈው ቅዳሜም ንግግር ነበረው፤ ጠዋት ልጄ «እኔም ልስማው» አለች። ክረምቱን ታማ ከተነሳች ወዲህ ግማሽ ፊቷ አይታዘዛትም፤ ስትስቅ አፏ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ስለዚህ አትስቅም፤ ካመለጣትም በመዳፏ ትሸፍነዋለች። ቅሪ እንዳልላት ምክንያቱን ትጠይቀኛለች፤ ዝም እንዳልል ፎቶው አለ። ለሊቀ ውበት ደወልኩለት።

«ስማኝማ፣ ያ ፎቶ...»

«ቆይ፣ ጣዎሱን እኮ አሳምሬዋለሁ! መጥተህ ትሰማለህ» ብሎ ዘጋው።

ልጄ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ። ጥያቄው አለፈ፣ ጣዎሱ አለፈ፤ ጭራሽ ሁለት ሆነዋል። ብርጭቆውን አንስቶ ጠጣ። ሲያስቀምጠው ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። እንደገና አንስቶ ጠጣ። ይሄኛው ንግግሩ ውስጥ የለም።

«ስለ ፊት...» አለ። «ስለ ፊት እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገና አልገባኝም።»

ይህ ሰው «አልገባኝም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ፎቶውን ሳያሳይ መውጫው ጠፋበትና ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፤ «እስቲ... ቆንጆ ነገር አይቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ!»

«ጋሼ፣ ይሄን ጠይቀኸን የለ እንዴ!» አለች ልጄ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፤ አፏ ወደ አንድ ወገን እየሄደ፣ መዳፏ ጭኗ ላይ እንዳለ።

«አያችሁ!» አለ ሊቀ ውበት እሷን እያየ። ይህን ለፍላፊ ምን ያህል እንደምወደው ያኔ ገባኝ። ለመጀመሪያ ጊዜም እጄን አልበላኝም።