ናፍጣ የማይጠጣው ወፍጮ

በዚህ አገር ያልተፈለሰፈ ነገር የለም፤ ሁሉም ታፍኖ ነው። ካላመናችሁኝ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቃምበት ቤት ጎራ በሉ። በውሃ የሚሄድ መኪና የሠራ የአጎት ልጅ ያለው ሰው አታጡም። መኪናውን በዓይንህ አይተኸዋል ወይ ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁት፤ ነውር ነው። ነዳጅ የሚሸጡት ሰምተው፣ የፈጠራ መብት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት፣ የአጎቱ ልጅ ዛሬ ሽንኩርት ይነግዳል። እኔ ተከራክሬ አላውቅም። "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብሎ የሚጸልይ ሕዝብ ምቀኛውን ቢነጥቁት ምን ይቀረዋል?

የኔ ችግር ሌላ ነው። ናፍጣ ሻጭ ነበርኩ።

ከሚሴ ዋናው መንገድ ዳር በርሜሎቼን ደርድሬ በምቸረችርበት ዘመን መብራት አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋ ስለነበር፣ ያካባቢው ወፍጮ ሁሉ ደንበኛዬ ነበር። ከባለወፍጮዎቹ ደግሞ የልብ ወዳጄ ሙሄ ነው። ሙሄ እጁ ብረት የለመደ፣ የተበላሸ ሬዲዮ ባየ ቁጥር ምራቁን የሚውጥ ሰው ነው። አንድ ቀን የወፍጮውን የናፍጣ ሞተር ነቅሎ ግድግዳ አስደገፈውና በቦታው አንድ ነገር ተክሎ ሸራ አለበሰው። ምን እንደሆነ ለማንም አይናገርም። ናፍጣ እንደማይጠጣ ብቻ ነገረኝ፤ ያን ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ።

ወፍጮው ቆመ። የሰፈሩ ሴቶች እህላቸውን አዝለው ሩቅ ይሄዱ ጀመር፤ በየመንገዱም የሙሄን ስም እያነሱ ይጥላሉ። ሚስቱ ዘሀራ ታግሳ ታግሳ ቁርጡን ነገረችው። ረመዳን ሳይገባ ወፍጮው ካልፈጨ ልጆቿን ይዛ ጨፋ ሮቢት አባቷ ቤት ትገባለች። ዘሀራ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

የእጅ ጽሑፌ ይነበባል ስለሚባል ለፈጠራ መብት ወደ አዲስ አበባ የተላከውን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃሉ ግን የሱ ነው፦ "አንድ ነገር ፈጥሬአለሁ። ምን እንደሆነ አልናገርም። መብቴ ይከበርልኝ።" መልስ መጣ። ሥዕሉንና አሠራሩን አብራርተው እንዲልኩ በትሕትና እንጠይቃለን ይላል። ሙሄ ደብዳቤውን አውለበለበው።

"አየህ ጌታቸው! ሥዕሉን ላክ አሉኝ! ወላሂ፣ ሌባ ማኅተም ይዞ ሲመጣ አይቼ አላውቅም!"

እንዲህ የተጠበቀው ምሥጢር የወጣው በሰንበቴ ከተማ ገበያ ነው። ሙሄ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር ለሚያያይዘው ቺንጋ የግመል ቆዳ ፈልጎ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ቆዳ የሚሸጠው አንድ የአፋር ሽማግሌ ነው። አፋር ደግሞ ሰው ሲያገኝ ከዋጋ በፊት ዳጉ ይቀድማል። ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግርሃል፤ ከዚያ ተራው ያንተ ነው። ከቆላ ሰው ጋር ሲገበያይ ላደገ ሰው ዳጉ ላይ መደበቅ ከመስረቅ አይተናነስም። ሽማግሌው የት እንደዘነበ፣ የማን ግመል እንደወለደች፣ ማን ከማን እንደተጣላ ዘርዝሮ ሲያበቃ ዱላውን ተደግፎ ወደ ሙሄ ዞረ።

"አንተስ? በናንተ በኩል ምን አለ?"

ሙሄ ላብ አጠመቀው። መንግሥትን እምቢ ያለው ሰው ዳጉን እምቢ ማለት አቃተው። ለፈለፈው። ባትሪው ሞተሩን ያስነሳል፤ ሞተሩ ዲናሞውን ያዞራል፤ ዲናሞው ሞተሩን መልሶ ያበላል፤ በተረፈው ኃይል ድንጋዩ ይፈጫል። የሽቦዎቹን ቀለም እንኳ አላስቀረም። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ምሥጢሩን የሰማሁት እዚያ፣ ከግመሎች መሀል ነው።

ሽማግሌው በጥሞና አዳመጠ።

"ይበላል?"

"አይበላም።"

"ይጠጣል?"

"አይጠጣም።"

"ታዲያ ምኑን ታልበዋለህ?"

ሙሄ የቆዳውን ዋጋ ቆጠረለት። ሽማግሌው ቆዳውን አስረከበውና ለቀጣዩ ሰው ዳጉውን ሊያደርስ ተነሣ። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው በባቲ በኩል ዞሮ ከሚሴ ገባ፤ ምንም ሳይበላ የሚፈጭ ብረት ከሚሴ አለ፤ ገና አልፈጨም። ይቺን "ገና አልፈጨም" አንድም ሰው በመንገድ አልጣላትም።

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልተቻለም። ረመዳን ሦስት ቀን ሲቀረው ሰፈሩ ወፍጮ ቤቱን ሞላው፤ ዘሀራ አንድ ቁና ማሽላ ይዛ ፊት ቆመች። ሙሄ "ቢስሚላህ" ብሎ ሸራውን ገፈፈ። ሽቦ ከሽቦ አነካካ። ዞረ! ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔ በልቤ በርሜሎቼን ቆጠርኩ። ዘሀራ ፈገግ ብላ ማሽላውን ለቀቀችበት። ድንጋዩ አንዴ አጉረመረመ፣ አቃሰተ፣ ቆመ። ከሥር የወጣው ክክ ለጫጩት እንኳ አይበቃም።

ማንም አልሳቀም። ዘሀራ ክኩን በእጇ ሰብስባ፣ "አንተ ሙሄ፣ ሦስት ቀን ቀረው" አለችው። የዚያን ዕለት ሲፈታና ሲያስር ውሎ የናፍጣ ሞተሩን ቦታው መለሰው፤ ከዚያ ጀሪካኑን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ፊቱን ሳየው ከልቤ አዘንኩ።

"ያ አፋር የተላከ ነው" አለኝ።

"ማን ይልከዋል?"

"ናፍጣ ሻጮች።"

"እኔም እኮ ናፍጣ ሻጭ ነኝ።"

"አስተግፊሩላህ! አንተማ ወንድሜ ነህ።"

ጀሪካኑን አፉ ድረስ ሞላሁለት። ለሱ ያልነገርኩትን ምክንያት ለናንተ ልንገራችሁ። ከሰንበቴ በተመለስን ማግሥት፣ ሽማግሌው ነገሩ ሳይገባው ቀርቶ ማሽኑ የሚሠራ ቢሆንስ ብዬ ሰግቼ፣ የሙሄ ማሽን ከከሸፈ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ለሚካኤል ተስዬ ነበር። ስለት ቀልድ አይደለም። ረመዳን ካለፈ በኋላ፣ በሰኔ ሚካኤል ባለወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ ይዤ አገባሁ። ሕዝቡ "እንኳን ሰመረልህ" አለኝ፤ ምን ተመኝተህ ነው ያለኝ ደግነቱ አልነበረም።

ቤት ድግስ ነበር። ለእስላም ጎረቤቶቻችን የቀረበውን ፍየል ያረደው ራሱ ሙሄ ነው፤ ዘሀራም ከጠዋት ጀምራ ስታግዝ ውላለች። ምሳ ሲያበቃ ሙሄ አጠገቤ ተቀመጠና ትከሻዬን ጨበጥ አደረገኝ።

"እንኳን ደረሰልህ። ምን ተስለህ ነበር?"

"ያው... ጤና" አልኩት።

ዘሀራ እንዳትሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ሚካኤልህ ይሰማሃል ማለት ነው። እንግዲያው ለኔም ተሳልልኝ፤ ማሽኑ እንዲዞር። እንደገና ልሠራው ነው።"

እሺ አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ቃሌንም አላጠፍኩም፤ በማግሥቱ ሄጄ ተሳልኩለት። እንዳይዞር የተሳልኩት ጃንጥላ ነበር። እንዲዞር የተሳልኩት፣ መቼም ከናንተ አልደብቅም፣ አንዲት ጧፍ ነው።