ስም ያልወጣለት የጃርት ትል

ጣቶቹ በመቆንጠጫ ከሞተ ጃርት አንጀት ውስጥ ክር የመሰለ ትል እየመዘዙ ነበር፤ ሳይቸኩሉ፣ ሳይበጥሱ። ጠረጴዛው የወጥ ቤት ነው። ሚስቱ ሽንኩርቷንና ቢላዋዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ደፍ ተሰዳለች።

ሳያጣራ ነገር ከአፉ የማይወጣ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሰዓት ስንት ነው ቢሉት የራሱን አይቶ አያምንም፤ የጎረቤቱን ይጠይቃል። ይሄኛው ሥራው ሙዚየም ውስጥ በዱር እንስሳት ሆድ የሚኖሩ ትሎችን መለየት ነው። ሰፈሩ ግን “ክቡር አባ ይጣራ” ይለዋል።

የጃርቱ ትል በየትኛውም መጽሐፍ አልተገኘም። ችግሩ፣ ያገኛቸው ትሎች ሁሉ ሴቶች ናቸው፤ ዓይነቱ የሚለየው ደግሞ በወንዱ ጭራ ነው።

“ወንዱ ሳይገኝ ስም አይወጣለትም” ይላል።

“ጥሏቸው ሄዶ ይሆናላ” ትለዋለች ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ። “ወንድ አይደል?”

“ይጣራል” ይላል፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

የእህቱን ልጅ ሠርግ ለሞተ ጃርት ብሎ ጥሎ ወጥቷል። የባሰው ግን ጃርቱን ይዞ ወደ ሠርጉ መመለሱ ነው፤ እህቱ እስከ ዛሬ አኩርፋዋለች። የሚያገኘው ጃርት ወይ መኪና ጨፍልቆታል፣ ወይ ፀሐይ አበስብሶታል፤ ትሉም አብሮ ፈርሷል። አንዴ ወንድ ትል አገኘ፤ ጭራው ተበጥሶ።

“ያለህን ጻፍና ይውጣ” አለው አለቃው።

“በግማሽ ፊት ሰው ይታወቃል?” ብሎ መለሰ።

እሱ ሲያጣራ፣ ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ጫካ ተመንጥሮ ቤት ተሠራበት። ጃርት ብርቅ ሆነ።

አንድ ጠዋት መንገድ ጠራጊው ደወለ፤ “ጋሼ፣ የሞተ ጃርት አግኝቻለሁ፤ ገና ትኩስ ነው፣ ምንም አልተጎዳም። ቶሎ ይምጡ፣ የቆሻሻ መኪናው ሳይደርስ።” ሚስቱ በትኩሳት ትንቀጠቀጥ ነበር። ኮቱን ለበሰ፣ ከረጢቱን አነሳ፣ በሩን ከፈተ፤ ከዚያ ዞር ብሎ አያት።

“ሂድ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ጉንፋን ነው” አለችው።

መልሶ በሩን ዘጋው። ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እርጥብ ፎጣ ሲቀያይርላት ዋለ።

እውነትም ጉንፋን ነበር፤ በማግስቱ ተነሳች። በዚያ መንገድ ግን ከዚያ ወዲህ ጃርት ያየ ሰው የለም፤ ትሉም ስም ሳይወጣለት ቀረ። እሷ ይህ ሲነሳ አንገቷን ትደፋለች። ገፍታ ልታስወጣው ይገባት እንደነበር ታውቃለች። ግን ያ ሁሉን ካላጣራ የማያምን ሰው፣ ጉንፋን መሆኑን እንኳ ሳያጣራ፣ ጃርቱን ትቶ አጠገቧ ቀረ።