አቶ ቃኘውን ምንም አያማቸውም

በየቤተሰቡ አንድ የማይታመም ሰው አይጠፋም። ቤቱ በሙሉ በጉንፋን ተዘርሮ ሳለ እሱ ቆሞ ሻይ ያፈላል፤ ትኩሳት ሲይዘውም «ሙቀቱ ነው» ብሎ መስኮት ይከፍታል። እስራኤል ውስጥ፣ ነታኒያ ከተማ በሚገኘው በኦርታል ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት አባቷ ክቡር አቶ ቃኘው ናቸው።

ቴል ሞንድ በምትባል መንደር ብርቱካን ሲለቅሙ ከመሰላል የወደቁ ጊዜ፣ ተነሥተው መጀመሪያ የጠየቁት መሰላሉ ተሰብሮ እንደሆነ ነው። ጥርስ ሲያስነቅሉ ደግሞ የሐኪሙ እጅ ሲንቀጠቀጥ አይተው «አይዞህ፣ ይወጣል» ብለው አጽናንተውታል። እንዴት ነዎት ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ተመስገን፣ ብሴደር!» በአማርኛ አመስግነው በዕብራይስጥ ደህና ይሆናሉ።

ከዚያ ጉልበታቸው አበጠ። ኦርታል ያወቀችው ሱሪያቸውን ይዛ ልብስ ሰፊ ዘንድ እንድትሄድ ሲልኳት ነው። አንዱን እግር ብቻ ሰፋ እንድታስደርግላቸው!

ሐኪም ቤት ስትወስዳቸው ዶክተር ያኮቭ በጉልበት እብጠት ላይ የሚያካሂደው ጥናት ውስጥ አስገባቸው። የጥናቱ ሐሳብ ደስ የሚል ነው። እብጠት ከላይ ሲያዩት ሁሉም ይመሳሰላል፤ ከሥሩ ያለው ግን የመገጣጠሚያ ጉዳት ወይም ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ዕጢም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥናቱ የኤምአርአይ ምስሉን፣ በመርፌ የሚቀዳውን ናሙናና ታማሚው ስለ ሕመሙ የሚናገረውን ጎን ለጎን አድርጎ ያስተያያል። ማሽኑም መርፌውም ድርሻቸውን ተወጡ። የቀረው የአቶ ቃኘው ድርሻ ነበር።

የጥናቱ ነርስ ሊኢል የጎንደሬ ልጅ ናትና በአማርኛ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ይሆናል?»

«ዜሮ። አንቺስ እንዴት ነሽ? እናትሽ ደህና?»

«አባዬ፣ ሰላምታ እኮ አይደለም!» አለች ኦርታል። «ሌሊት ሲያቃስት እሰማዋለሁ።»

«ጸሎት ነው እሱ።»

«አባባ፣ ተኝተውም የሚያምዎት ከሆነ ማወቅ አለብን» አለች ሊኢል። «ዕጢ እንደዚያ ሊያም ይችላል። ዝም ካሉን ልንሳሳት እንችላለን።»

አቶ ቃኘው ወደ ነርሷ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በይ ጻፊ። ስምንት። ለልጄ እንዳትነግሪ።»

ልጃቸው ክርናቸውን ይዛ ቆማለች።

ውጤቱ እስኪደርስ ኦርታል እህል አልወርድ አላት። በቀጠሮው ቀን ዶክተር ያኮቭ ምስሉን አብርቶ በጣቱ አሳያት። ዕጢ የለም! በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ ያለው ነገር ተቀዶ መገጣጠሚያው ተቆጥቷል፤ ሕክምናው በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ ይጀመራል። ኦርታል የበሽተኛው አልጋ ላይ ቁጭ አለች፤ በሽተኛው ውኃ አመጡላት።

መኪና ውስጥ ገብተው በሩ እንደተዘጋ ክቡርነታቸው ጀመሩ።

«ይህ ጉልበት ገደለኝ እኮ! ወገቤማ አይነሣ። ትከሻዬስ ብትይ...»

«ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ ታዲያ?»

«ያኔማ ፈርተሽ ነበራ!»

ኦርታል ምሬታቸውን እስኪጨርሱ ብላ የቤታቸውን መታጠፊያ አልፋ ወደ ጎረቤት ከተማ፣ ወደ ኤቨን የሁዳ ቀስ ብላ ነዳች። አባቷ ገና ትከሻ ላይ ናቸው፤ አንገትና ራስ ይቀራቸዋል።