የበቅሎዋ አምስት ፊደል

አንዱዓለም፦ ዋይ ነው አልኩህ እኮ!

ገዱ፦ ማን ሞተ?

አንዱዓለም፦ ማንም አልሞተም። ፊደሉ ነው ዋይ የሚባለው።

ገዱ፦ ጠላፊዋ በበቅሎዬ ጀርባ ላይ ለቅሶ ጠልፋ ነው የሸጠችልኝ?

(ደባርቅ፣ ጠዋት። ገዱ በቅሎውን ዳማን ይዞ ከሌሎቹ አከራዮች ራቅ ብሎ ቆሟል። ዳማ ስለምትነክስ አጠገቧ መቆም የሚደፍር የለም። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ አንድም ጎብኚ አልተከራያትም፤ ሚስቱ ደብረወርቅም «ዛሬ ካልሠራች ዳባት ገበያ ወስደህ ሽጣት» ብላዋለች። ገዱ ግን ዳማን እንደ እህቱ ነው የሚወዳት። የእንግሊዝኛ ስም ቢኖራት ፈረንጅ ይወዳታል ብሎ፣ ጠላፊዋ ሲሲ ለዳቦ ቤት ጀምራ የተወችውን ጨርቅ ገዝቶ እንደ ግላስ ኮርቻዋን አልብሷል። ግላሱ የአምስት ፊደል ቦታ አለው፤ የተጠለፉት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። አስጎብኚው አንዱዓለም ጠመኔ ይዞ ሊሞላለት መጥቷል።)

አንዱዓለም፦ ስማ። ሁለተኛው ኤ ነው፣ መጨረሻው ዋይ ነው። በዚህ ልክ የሚገጥም ቃል መፈለግ እንደኔ የእንግሊዝኛ ኮርስ ለወሰደ ሰው ቀላል ነው። ሃፒ!

ገዱ፦ ምን ማለት ነው?

አንዱዓለም፦ ደስተኛ።

ገዱ፦ ኧረ ተው፣ ትናንት እኔን ነክሳኛለች። ደስተኛ ናት ብዬ ሰው ላታልል?

አንዱዓለም፦ ዴይሊ። በየቀኑ ማለት ነው።

ገዱ፦ በየቀኑ ነው የምትነክሰው ይሉኛል።

አንዱዓለም፦ እሺ፣ ፓርቲ። ድግስ ማለት ነው። የፖለቲካም ይሆናል።

ገዱ፦ ወዲያ! እሷ የምትሸከመው ሻንጣ ነው፤ ፖለቲካ አልጭንባትም።

አንዱዓለም፦ (ግንባሩን ይዞ ቆይቶ) አገኘሁት! ቴስቲ!

ገዱ፦ እሱስ?

አንዱዓለም፦ ቴስት ማለት ምንድን ነው?

ገዱ፦ እኔ ምን አውቄ።

አንዱዓለም፦ ፈተና! ቴስቲ ማለት ደግሞ የተፈተነች። ገደል ያልበገራት፣ ሊማሊሞን ወጥታ የወረደች ማለት ነው።

ገዱ፦ (ዓይኑ እንባ አቀረረ) እሱስ እውነት ነው። ጻፍልኝ!

(አንዱዓለም በጠመኔ ሞላው። ወዲያው አንዱዓለም የሚያስጎበኛቸው ባልና ሚስት ሽማግሌ ፈረንጆች መጡ። ሴትዮዋ ግላሱን አንብባ ቀጥ አለች፤ አንዱዓለምንም በእንግሊዝኛ ትጠይቀው ጀመር።)

ገዱ፦ ምን ትላለች?

አንዱዓለም፦ «እውነት ቴስቲ ናት?» ትላለች። አየህ፣ ስሙ ገባት!

ገዱ፦ ታዲያ ምን አልሃት?

አንዱዓለም፦ «በጣም! ጀርመኖችም ፈረንሳዮችም ሞክረዋታል፤ ሁሉም ይመሰክሩላታል» አልኳት።

ገዱ፦ አፏን ያዘች እኮ።

አንዱዓለም፦ ተደንቃ ነው።

ገዱ፦ ኧረ እያለቀሰች ነው!

አንዱዓለም፦ የደስታ ነው። ፈረንጅ ሲደሰት እንዲህ ነው።

ገዱ፦ ባልየውስ ምን ይላል?

አንዱዓለም፦ «በበዓል ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ?» ይላል። «ሁልጊዜ ነው፤ በጾምም ቢሆን አይቀርም» አልኩት።

(ሽማግሌው ፊቱ ቀላ። ስልኩን አውጥቶ በእንግሊዝኛ ተናገረበት። ስልኩም በጠራ አማርኛ ተረጎመው፦ «እባካችሁ፣ ይህችን ጣፋጭ በቅሎ አትብሏት።»)

ገዱ፦ በስመ አብ! በቅሎ የሚበላ ክርስቲያን የት አይተው ነው? አንተ፣ ጣፋጭ አለ እኮ!

አንዱዓለም፦ ስልኩ ተሳስቶ ነው።

ገዱ፦ ቴስቲ ማለት ጣፋጭ ነው እንዴ?

አንዱዓለም፦ እ... በድሮው እንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል።

ገዱ፦ አለቀልኝ! እንግዲህ ዳባት ገበያ መውሰዴ ነው። እሱም ሥጋ ሻጭ ካላሉኝ ነው!

(ገዱ የዳማን አንገት አቅፎ ቆመ። የሚገርመው፣ አልነከሰችውም። ይህን ያየችው ሴትዮ ጭራሽ ልቧ ተነካ፤ ስልኩን ከባሏ ነጥቃ ተናገረች። ስልኩ፦ «እሷን ለማዳን ተራራው ላይ እስካለው ሳንቃ በር እንከራያታለን። ሰው አይቀመጥባትም፣ ዕቃም አይጫንባትም። ባዶዋን ትሂድ።»)

ገዱ፦ (ማመን አቅቶት ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ) እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ! ሻንጣውንስ ማን ይሸከመዋል?

(ባልና ሚስቱ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም አንዱዓለምን አዩት። ስልኩ፦ «ሻንጣውን ጣዕሟን የሚያውቀው ሰውዬ ይሸከም።»)

አንዱዓለም፦ እኔ? እኔ አስጎብኚ ነኝ! ኮርስ የወሰድኩ ሰው ነኝ!

ገዱ፦ እንቢ ካልህ ሌላ አስጎብኚ መፈለጋቸው ነው። ና ጎንበስ በል፣ ላሳዝልህ።

(ከቀትር በኋላ፣ ወደ ሳንቃ በር የሚወስደው ዳገት። ዳማ ባዶዋን ከፊት ትሄዳለች። ሽማግሌዎቹ ከጎንና ከጎኗ ሆነው ብስኩት ያጎርሷታል። አንዱዓለም አንዱን ሻንጣ አዝሎ፣ ሁለተኛውን በአናቱ ተሸክሞ ከኋላ ይንፏቀቃል። ገዱ ሲመለስ ለደብረወርቅ የሚነግራትን እያሰበ ብቻውን ፈገግ ይላል።)

አንዱዓለም፦ (እያለከለከ) ገዱ... በእናትህ... ትንሽ አረፍ እንበል።

ገዱ፦ ቆይ እስቲ፣ በቅሎዋ ደክሟት እንደሆነ ልጠይቃት።